ብሬከሩን እናሳድገው ወይስ መስመሩን እንከፋፍለው? ስለ ወጥ ቤት የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂ፣ ሌሎች አንባቢዎችም ነገሩን ከሥሩ እንዲከታተሉት በመጀመሪያ ጥያቄዎን ባጭሩ ልድገመው። ወጥ ቤትዎን በማደስ ላይ ነዎት። አሁን ያለዎት አንድ የሶኬት መስመር ብቻ ነው፤ እሱም ከ20 አምፔር ብሬከር ተነስቶ በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ 18 ሜትር ያህል ተጉዞ 5 ሶኬቶችን ይመግባል። በእነዚህ ሶኬቶች ባለ 2 ዐይን የኤሌክትሪክ ምድጃ (2640 ዋት)፣ ኬትል (2200 ዋት)፣ ማይክሮዌቭ (1320 ዋት)፣ ዳቦ መጥበሻ (880 ዋት) እና ፍሪጅ ይሠራሉ። ጠዋት ሁሉም አንድ ላይ ሲበሩ ብሬከሩ ወዲያው ሳይሆን ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይጥላል፤ በዚያው ቅጽበት ሊመልሱት ሲሞክሩ እንቢ ይላል፤ ትንሽ ጠብቀው ሲመልሱት ግን ይይዛል። የጠሩት ሠራተኛ «ብሬከሩ አንሷል፣ በ32 ቀይሩት» ብሎዎታል። በእድሳቱ ደግሞ አሮጌውን ምድጃ ባለ 4 ዐይን በሆነ ተገጣሚ ምድጃ (6600 ዋት) ለመተካት፣ ኦቨን (3080 ዋት) እና ዕቃ ማጠቢያ ማሽን (2200 ዋት) ለመጨመር አስበዋል። ቮልቴጁ 220፣ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለው ዋና ብሬከር ደግሞ ባለ 40 አምፔር ነጠላ ፌዝ ነው። የጠየቁኝም የሠራተኛው ምክር ትክክል ስለመሆኑ እና ለአዲሱ ወጥ ቤት ስንት መስመር እንደሚያስፈልግ ነው።

ለመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው፤ ሽቦው ሳይቀየር ብሬከሩን ማሳደግ ፈጽሞ አይገባም። ብሬከር የሚቀመጠው ለምድጃው ወይም ለኬትሉ ሲባል ሳይሆን በግድግዳ ውስጥ ለተቀበረው ሽቦ ሲባል ነው። የብሬከሩን መጠን የሚወስነው ሽቦው ሊሸከም የሚችለው ከረንት ነው፤ የሽቦውን ውፍረት የሚወስነው ደግሞ በዚያ መስመር ላይ የሚሰካው ዕቃ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ፣ ማለትም ብሬከሩ ስለጣለ ብቻ ብሬከሩ ከተለወጠ፣ ጠባቂው ተነሥቶ የሚጠበቀው ነገር ብቻውን ቀረ ማለት ነው።

የእርስዎ ብሬከር ግን ጤነኛ ለመሆኑ ከራስዎ አገላለጽ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም። በተለመደው የቤት ብሬከር ውስጥ ሁለት የተለያዩ አሠራሮች አሉ። አንደኛው ጥቅል ሽቦ ያለው የማግኔት ክፍል ሲሆን ኃይል የሚያመጣው ሽቦ (ፌዝ) እና ከረንቱ የሚመለስበት ሽቦ (ኒውትራል) ሲነካኩ ወይም በእኛ አነጋገር ሾርት ሲፈጠር ዐይን በማይከተለው ፍጥነት ይቆርጣል። ሁለተኛው ሁለት ዓይነት ብረቶች የተጣበቁበት ቀጭን ዝርግ ብረት ነው፤ ከረንቱ ከመጠን ሲያልፍ ቀስ በቀስ እየሞቀ ይለመጥና ማቆሚያውን ይለቃል። ወዲያው ሳይሆን ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መጣሉ፣ ከዚያም ዝርጉ ብረት እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልመለስ ማለቱ፣ የሠራው ይህ ሁለተኛው ክፍል መሆኑን ያመለክታል። እንግዲህ ችግሩ ሾርት ሳይሆን የጭነት ብዛት ነው። ስሌቱም ያንኑ ይላል። ዋቱን ለ220 ሲያካፍሉት ምድጃው 12፣ ኬትሉ 10፣ ማይክሮዌቩ 6፣ ዳቦ መጥበሻው 4፣ ፍሪጁ 1 አምፔር ያህል ይወስዳሉ፤ ድምሩ 33 አምፔር ነው። ባለ 20 ብሬከር ላይ 33 አምፔር ማለት የ1.65 እጥፍ ጭነት ነው፤ ዓለም አቀፉ ደረጃ ደግሞ እንዲህ ያለው ብሬከር በ1.13 እጥፍ ላይ ለአንድ ሰዓት እንዳይጥል፣ በ1.45 እጥፍ ላይ ግን አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንዲጥል ያስገድዳል። የእርስዎ ብሬከር የተሠራበትን ሥራ በትክክል እየሠራ ነው።

አሁን በምክሩ መሠረት 32 ቢገባ ምን እንደሚሆን እንመልከት። 33 አምፔር ለባለ 32 ብሬከር ከምንም አይቆጠርም፤ እስከ 36 አምፔር ድረስም ሳይንቀሳቀስ ሊቆይ ይችላል። በቤትዎ ጠዋት ምንም ስለማይጥል ሁሉም ሰው ደስ ይለዋል፤ ሽቦው ግን ያው 2.5 ነው። የዚህ ሽቦ አቅም እንደ አቀባበሩ ከ20 እስከ 24 አምፔር ገደማ ነው። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከከረንቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚያድገው። በመሆኑም 18 ሜትር ርዝመት ባለው መስመርዎ ላይ 20 አምፔር ሲሄድ ሽቦው ራሱ 130 ዋት ያህል ወደ ሙቀት ሲቀይር፣ በ33 አምፔር ጊዜ ግን 350 ዋት ገደማ ይቀይራል። ይህ ሙቀት ወጥ ቤቱ ውስጥ አይታይም፤ በልስኑ ሥር በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ታፍኖ ይቀመጣል። የተለመደው የፒቪሲ ሽፋን ደግሞ ያለማቋረጥ እንዲሸከም የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ ነው። ከዚያ ሲያልፍ በአንድ ቀን አይቀልጥም፤ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዓመታት በኋላ ምክንያቱ በማይታወቅበት ቀን ሾርት ይፈጥራል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንሻገር፣ ዕቅዱ የሚጀምረው ከወረቀት ነው። በወጥ ቤቱ የሚኖረውን እያንዳንዱን ዕቃ ከጀርባው ወይም ከሥሩ ካለው የስም ሰሌዳ ላይ እያነበቡ ዋቱን ይመዝግቡ። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ማይክሮዌቭ ነው፤ በሩ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 800 ወይም 900 ዋት ለሚሞቀው ነገር የሚሰጠው ኃይል እንጂ ከሶኬቱ የሚወስደው አይደለም፤ የሚወስደው በጀርባው ሰሌዳ ላይ በትንሹ የተጻፈው፣ ብዙ ጊዜም ከ1200 ዋት በላይ የሆነው ነው። ፍሪጅ ደግሞ ሲሠራ ከ1 አምፔር ባይበልጥም ኮምፕረሰሩ ሲነሣ ለቅጽበት የዚህን ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ብሬከሩ ግን ይህን ያህል ቅጽበት ስለሚታገሥ ሊያሳስብዎ አይገባም።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ከዋቱ በተጨማሪ ስለ እያንዳንዱ ዕቃ ለምን ያህል ጊዜ ያለማቋረጥ እንደሚሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። ኬትል 2200 ዋት ቢሆንም አንድ ከግማሽ ሊትር የሚያህል ውሃ ለማፍላት 4 ደቂቃ ያህል ብቻ ይበቃዋል፤ ሽቦው በደንብ ሳይሞቅ ሥራው ያልቃል። ምድጃ፣ ኦቨንና ዕቃ ማጠቢያ ግን ለአንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሠራሉ። የእኔ ደንብ፣ ቋሚ ቦታ ያለውና ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ከባድ ዕቃ ሁሉ የራሱ መስመር እንዲኖረው፣ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀሱትና ለአጭር ጊዜ የሚሠሩት ደግሞ በሁለት መስመር ተከፍለው እንዲቀመጡ ማድረግ ነው።

በዚህ መሠረት ለእርስዎ ወጥ ቤት የማቀርበው ዕቅድ ስድስት መስመር ነው፤ መብራቱ የማይቆጠር ሆኖ፣ እሱ በ1.5 ሽቦና በ10 አምፔር ብሬከር ለብቻው ይሂድ። ብሬከር ጥሎ በጨለማ ውስጥ ትኩስ ምድጃ አጠገብ መቆም ማንም አይፈልግምና መብራትን ከሶኬት ጋር አያጣምሩ። ባለ 4 ዐይኑ ምድጃ በ6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦና በ32 አምፔር ብሬከር የራሱን መስመር ያገኛል። ኦቨኑ 14 አምፔር ስለሚወስድ 2.5 ሽቦና 16 አምፔር ብሬከር ይበቃዋል፤ ዕቃ ማጠቢያውም እንዲሁ። በመሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ለሚሰኩት ዕቃዎች ሁለት መስመሮች፣ ሁለቱም በ2.5 ሽቦና በ16 አምፔር ብሬከር ይዘርጉ፤ ኬትሉና ዳቦ መጥበሻው በአንዱ፣ ማይክሮዌቩና ሌሎቹ በሌላው እንዲሆኑ ሶኬቶቹን ተራ በተራ ያፈራርቁዋቸው። ስድስተኛው መስመር የፍሪጁ ነው። 1 አምፔር ለሚወስድ ዕቃ ሙሉ መስመር መስጠት ብክነት ይመስላል፤ ምክንያቱን ግን ሰውን ከኤሌክትሪክ አደጋ ስለሚጠብቀው መሣሪያ፣ ስለ አርሲዲ ስንነጋገር ያገኙታል።

የምድጃውን መስመር ለብቻው ላንሳው፤ ብዙ ስሕተት ያየሁት በእሱ ላይ ነውና። 6600 ለ220 ሲካፈል 30 አምፔር ነው። መሠረታዊው ደንብ ዕቃው የሚወስደው ከረንት ከብሬከሩ እንዳይበልጥ፣ ብሬከሩም ከሽቦው አቅም እንዳይበልጥ ያዛል፤ 30፣ 32፣ ቀጥሎም የ6 ካሬ ሽቦ አቅም። በሠንጠረዥ ላይ 6 ካሬ የሆነ ባለ ፒቪሲ የመዳብ ሽቦ በግድግዳ ላይ ባለ ቱቦ ውስጥ ሲሄድ 41 አምፔር ይሸከማል ተብሎ ተጽፏል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሠንጠረዡን ይዘጋዋል። ነገር ግን ያ ቁጥር የተሰጠው አካባቢው 30 ዲግሪ ሲሆንና በቱቦው ውስጥ ሌላ መስመር ሳይኖር ነው። በምድጃ ጀርባ ወይም በጣራ ሥር ሙቀቱ 40 ዲግሪ ቢደርስ ቁጥሩ በ0.87 ይባዛል፤ ወደ 36 ገደማ ይወርዳል፤ አሁንም 32ን ይበልጣልና ይሁን እንበል። በዚያው ቱቦ ውስጥ የኦቨኑ መስመር አብሮት ከገባ ግን እንደገና በ0.8 ስለሚባዛ 28.5 ላይ ይደርሳል፤ ይህም ከብሬከሩ በታች ነው። አንድን ቱቦ ለመቆጠብ ሲባል ትክክለኛው ሽቦ ትክክል ያልሆነ ሽቦ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ለምድጃው የብቻው ቱቦ ይስጡት፤ የማይቻል ከሆነ ወደ 10 ካሬ ይለፉ። ይህን ዓይነት ምድጃ ሶኬት ላይ መሰካትም አይገባም፤ የተለመደው የቤት ሶኬት ከ16 አምፔር በላይ ለመሸከም አልተሠራም። መጨረሻው ላይ ፌዝንም ኒውትራልንም አንድ ላይ የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ያስፈልገዋል፤ ቦታውም ከምድጃው ጎን እጅ በቀላሉ የሚደርስበት እንጂ በእሳትና በእንፋሎት ላይ አጎንብሰው የሚነኩት መሆን የለበትም።

የመስመር ርዝመት በቮልቴጅ ላይ የሚያመጣው ቅናሽ በእርስዎ ቤት አሳሳቢ አይደለም። በ18 ሜትር ላይ ኦቨኑ 4.5 ቮልት፣ ምድጃው 4 ቮልት ያህል ቢያጡ ሁለቱም 2 በመቶ ገደማ ነው፤ ለዚህ ዓይነት መስመር እስከ 5 በመቶ ድረስ ተቀባይነት አለው።

ከዋናው ብሬከር ጋር ግን ጉዳይ አለብዎት፤ እዚህ ላይ ሳልደብቅ መናገር ይኖርብኛል። የአዲሱ ወጥ ቤት ዕቃዎች ሁሉ ሲደመሩ 75 አምፔር ይሆናሉ፤ ዋናው 40 ነው። በእርግጥ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ሙሉ ኃይላቸውን አይወስዱም፤ የምድጃ ዐይን ከሞቀ በኋላ ራሱን እያጠፋና እያበራ ነው የሚሠራው፤ ዕቃ ማጠቢያም ውሃ በሚያሞቅበት ጊዜ ብቻ ነው የሚከብደው። በእንግሊዝ አገር የተለመደ አንድ ስሌት ለማብሰያ ምድጃ የመጀመሪያውን 10 አምፔር በሙሉ ይወስድና ከቀሪው 30 በመቶውን ብቻ ይቆጥራል፤ የእርስዎ ምድጃ በዚህ አቆጣጠር 16 አምፔር ይሆናል። ልብ ይበሉ፣ ይህ ቅናሽ ለዋናው መግቢያ እንጂ ለምድጃው ለራሱ ሽቦ አይሠራም። በዚህ ቅናሽ እንኳ ቢሆን ምድጃውና ኦቨኑ ብቻ 30 አምፔር ይሞላሉ፤ ኬትሉ ሲጨመር 40 ላይ ደረስን፤ የቀረውን ቤት ገና አልቆጠርንም። እንግዲህ ምርጫዎ ሁለት ነው፤ ወይ ኃይል ከሚያቀርብልዎ ድርጅት ከፍ ያለ አቅም ወይም ሦስት ፌዝ (ኃይል የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች) ይጠይቁ፣ ወይ ደግሞ ዝቅ ያለ ዋት ያለው ምድጃ ይምረጡ። እኔ ብሆን ምድጃውን ከመግዛቴ በፊት የመጀመሪያውን እጠይቅ ነበር፤ እንዲህ ካሉት ምድጃዎች ብዙዎቹ በሁለት ወይም በሦስት ፌዝ ላይ ተከፋፍለው እንዲገጠሙ ተደርገው ስለሚሠሩ፣ ሦስት ፌዝ ከተገኘ በአንዱ ፌዝ ላይ ያለው ጫና በእጅጉ ይቀልላል። የሚያስቆጣዎ ቢሆንም ይህ ጥያቄ ከንጣፍና ከቁም ሳጥን ምርጫ መቅደም ነበረበት።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ሽቦን ስለ መጠበቅ ነው። ሰውን የሚጠብቀው መሣሪያ ሌላ ነው። ባለ 16 ብሬከር እስከ 16 አምፔር ድረስ ምንም አያሳስበውም፤ የሰውን ልብ ለማስቆም ግን ከአንድ አምፔር አሥረኛ ያነሰ ይበቃል። እርጥብ እጅ፣ የብረት ማጠቢያ ገንዳ እና ውስጡ የተበላሸ ኬትል በሚገናኙበት ክፍል ውስጥ ብሬከር ብቻውን መከላከያ አይደለም። አርሲዲ የምንለው መሣሪያ በፌዝ የሄደውን ከረንትና በኒውትራል የተመለሰውን እያነጻጸረ፣ ልዩነት ካየ የጎደለው በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው አካል በኩል ወደ መሬት እየፈሰሰ ነው ብሎ ይቆርጣል። ለወጥ ቤት ሶኬቶች የሚመረጠው ባለ 30 ሚሊአምፔሩ ነው፤ በ30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ ላይ ከ0.3 ሴኮንድ፣ ፍሳሹ አምስት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ከ0.04 ሴኮንድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መቁረጥ አለበት። በገበያ ከሚገኙት ውስጥ ኤሲ የሚባለውን ዓይነት ትተው ኤ የሚባለውን ይውሰዱ፤ የዛሬ ዕቃ ማጠቢያና ምድጃ በውስጣቸው ኤሌክትሮኒክስ ስላለ የሚያፈሱት ከረንት ንጹሕ ሞገድ ላይሆን ይችላል፤ ኤሲ የሚባለው ደግሞ ያን ጊዜ ላያይ ይችላል።

ለሁሉም መስመር አንድ አርሲዲ ማስገባት ግን አልመክርም። ማንኛውም ጤነኛ ዕቃ በጥቂቱ ያፈሳል፤ በተለይ ኦቨን ለሳምንታት ሳይሠራ ከቆየ የማሞቂያው ክፍል እርጥበት ይስብና ሲበራ ፍሳሹ ከፍ ይላል። ባለ 30 የሚባለው አርሲዲ ደግሞ ከ15 ሚሊአምፔር ጀምሮ እንዲቆርጥ የተፈቀደለት ስለሆነ የብዙ ዕቃዎች ጥቃቅን ፍሳሽ ተደምሮ ያለ ጥፋት ሊያስጥለው ይችላል። ቤተሰቡ ለሁለት ሳምንት በሌለበት ጊዜ እንዲህ ቢሆን ፍሪጁም አብሮ ይጠፋል። ለፍሪጁ የተለየ መስመር የጠየቅሁት ለዚህ ነው፤ ብሬከርና አርሲዲን በአንድ አካል የያዘ አርሲቢኦ የሚባል መሣሪያ ለብቻው ይሰጠዋል። የቀሩትን ቢያንስ በሁለት አርሲዲ ይክፈሏቸው። ሠራተኛው ይህን ሲሠራ የአንዱን ክፍል ኒውትራል ከሌላው ክፍል ኒውትራል ጋር በአንድ ማሠሪያ ላይ እንዳያጣምር ይንገሩት፤ ከተጣመረ አርሲዲዎቹ በየሰዓቱ ይጥላሉ፤ ምክንያቱን የሚያገኘው ሲጠፋም ነቅሎ የሚጥላቸው ይኖራል። ከዚያ በኋላ «ቲ» የሚል ምልክት ያለበትን መሞከሪያ ቁልፍ በየጥቂት ወራት ይጫኑ፤ ሳይነካ ለዓመታት የቆየ አርሲዲ ሊደርቅ ይችላል።

የመሬት መስመር ወይም ኧርዝ ከእያንዳንዱ ሶኬት እስከ ማከፋፈያው ሳጥን ሳይቆራረጥ መድረስ አለበት፤ በዚህ በምናወራው ውፍረት ከፌዙ ሽቦ እኩል ይሁን። ኧርዝ ባልተዘረጋበት ቤት አንዳንዶች ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከኧርዝ መያዣው ጋር በአጭር ሽቦ አያይዘው «አሁን ኧርዝ አለው» ይላሉ። ይህን ያደረገ ሰው ካለ ዛሬውኑ ያስነሡት። ከሶኬቱ በፊት ኒውትራሉ አንድ ቦታ ቢለቅቅ፣ በርቶ በሚገኘው ዕቃ በኩል ያለፈው 220 ቮልት በቀጥታ በብረት አካሉ ላይ ይቀመጣል፤ ዕቃው ግን የጠፋ መስሎ ይታያል፤ ሰውም «ምን ሆነ?» ብሎ የሚነካው ያን ጊዜ ነው።

ዕቅዱ ሁሉ በወረቀት ላይ ትክክል ሆኖም የሚበላሸው በብሎን ነው። አንድ ጊዜ ብሬከሩ አንድም ቀን ጥሎ የማያውቅ፣ ነገር ግን «የተቃጠለ ዓሣ የመሰለ ሽታ አለ» ተብዬ የተጠራሁበት ወጥ ቤት ነበር። ኬትሉ የሚሰካበትን ሶኬት ስከፍት የኒውትራሉ ጎን ቡናማ ሆኖ ተጣምሟል፤ ሽቦው ከማሠሪያው በሁለት ጣት ርቀት ድረስ ጠንክሮ ሲነኩት እንደ ቅርፊት ይረግፋል። ብሎኑን ሳላላው መዳቡን ሳይሆን የፕላስቲኩን ሽፋን ነክሶ እንደነበር አየሁ፤ የገጠመው ሰው ሽፋኑን በ3 ሚሊሜትር ያህል አሳጥሮ ልጦት ነበር። እንዲህ ባለ ግንኙነት ላይ የአንድ ኦም አሥረኛ የምታህል መቋቋም ብትፈጠር በ14 አምፔር ጊዜ 20 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣል፤ ያ ሁሉ ሙቀት ከምስር ፍሬ በማይበልጥ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ብሬከሩ ይህን አያይም፤ ከረንቱ አልጨመረምና። አርሲዲውም አያይም፤ ወደ መሬት የፈሰሰ የለምና። ይህን የሚከላከለው የሠራተኛው እጅ ብቻ ስለሆነ፣ ልስኑ ከደረቀ በኋላ እያንዳንዱ ብሎን እንደገና እንዲጠብቅ፣ ሽቦውም ከታሠረ በኋላ ተጎትቶ እንዲፈተሽ ያዙ። በግድግዳ ውስጥ ተጠምዝዞ በፕላስተር የተሸፈነ ቅጥያ እንዳይኖር፤ መቀጠል ግድ ከሆነ ክዳኑ ሊከፈት በሚችል ሳጥን ውስጥ ይሁን።

ስለ ሶኬቶቹ ቦታ ጥቂት ልበል። ከማጠቢያ ገንዳው ጠርዝ በአግድም ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይራቁ፤ ከምድጃው በላይ ወይም ገመዱ በምድጃው ላይ ተሻግሮ በሚደርስበት ቦታ አይደረጉ። የዕቃ ማጠቢያውና የኦቨኑ ሶኬት ከዕቃው ጀርባ ሳይሆን በጎረቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ይሁን፤ ውሃ በሚያፈስበት ቀን ማሽኑን ጎትተው ሳያወጡ መንቀል እንዲችሉ። ሽቦው ከሶኬቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን እንጂ ሰያፍ አይሂድ፤ ከመለሰኑም በፊት ግድግዳውን ከሜትር ጋር ፎቶ ያንሡት፤ በኋላ መደርደሪያ ለመስቀል የሚበሳው ሰው ያመሰግንዎታል።

የሚገዛውን ሽቦ በስያሜው ብቻ አይመኑ። ባለ አንድ ዘንግ 2.5 ካሬ ሽቦ መዳቡ በካሊፐር ሲለካ 1.78 ሚሊሜትር፣ 6 ካሬው ደግሞ 2.76 ሚሊሜትር ያህል ዲያሜትር ይኖረዋል። በግልጽ ቀጥኖ ካገኙት ከላይ ያሰላነው ሁሉ አይሠራም። ጫፉን በቢላ ሲፍቁት ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነውና ይመልሱት። ሥራው ሲያልቅ ኃይል ከመለቀቁ በፊት ዕቃዎቹ ሁሉ ተነቅለው የሽቦዎቹ ሽፋን ሜገር በሚባለው የሽፋን መለኪያ በ500 ቮልት ይለካ፤ ውጤቱ ከ1 ሜጋኦም ማነስ የለበትም፤ በደህና አዲስ ዝርጋታ ላይ ከዚህ በእጅጉ ከፍ ያለ ነው የሚገኘው። የኧርዙ ቀጣይነትም በየሶኬቱ ይለካ፤ ፌዝና ኒውትራል ቦታቸውን እንዳልተለዋወጡም ይታይ። እነዚህን ልኬቶች በቁጥር ጽፎ የማይሰጥዎን ሠራተኛ ክፍያ ለመጨረስ አይቸኩሉ። ከሰሌዳ ማንበቡን፣ መስመሮቹን በወረቀት መከፋፈሉንና ብሬከሮቹ ላይ ስም መለጠፉን እርስዎ ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ፤ ሳጥኑን መክፈትና ማሠር ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው።

እድሳቱ እስኪጀመር ድረስ አሮጌውን መስመር መጠቀምዎ ስለማይቀር ብሬከሩን ባለበት በ20 ይተዉትና ጭነቱን ይከፋፍሉ። ምድጃው ሁለቱም ዐይኖቹ ሲሠሩ ማይክሮዌቩን ብቻ ይጨምሩበት፤ ከፍሪጁ ጋር 19 አምፔር ይሆናሉ። ኬትሉን ለማፍላት ከምድጃው አንዱን ዐይን ለ4 ደቂቃ ያጥፉ። ብሬከሩ ቢጥል ከመመለስዎ በፊት አንድ ዕቃ ይንቀሉና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሁሉም ተነቅሎ ሲመልሱት በዚያው ቅጽበት ከጣለ ግን ነገሩ የጭነት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷልና እንደገና ሳይሞክሩ ባለሙያ ይጥሩ። የአምስቱንም ሶኬቶች ክዳን በዚህ ሳምንት በእጅዎ ጀርባ እየነኩ ይፈትሹ፤ ምድጃው ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ ሶኬቱ ለብ ቢል የተለመደ ነው፤ እጅዎን የሚያስነሣ ሙቀት ካገኙ ወይም ፕላስቲኩ ቀለሙን ለውጦ ካዩት ያን ሶኬት መጠቀም ያቁሙና እድሳቱን ሳይጠብቁ ያስከፍቱት።